ያላሸተትኩት ጠርሙስ

በታይላንዷ ትራንግ ከተማ ጄ የሚበላ ሰው ምግብ ከማዘዙ በፊት እኔን ይጠይቅ ነበር። እያጋነንኩ አይደለም። ሠላሳ አንድ ዓመት ፖስታ አድያለሁ፤ የማላውቀው ጓሮ፣ ያልጮኸብኝ ውሻ የለም። ጡረታ ስወጣ ሥራ ፈትቼ ከመቀመጥ ብዬ አንድ ነገር ጀመርኩ። የጄ ምልክት የሆነውን ቢጫ ባንዲራ ከሰቀሉት ምግብ ቤቶች የትኛው ከልቡ እንደሰቀለው፣ የትኛው ለገበያ እንደሰቀለው እየዞርኩ ማጣራት ነው። ሰው ሲሰማ ይስቃል። እኔ ግን ቁም ነገሬ ነበር፤ እልኸኛ ነኝ፣ መታለል ደግሞ አልወድም።

ጄ ሲባል ሥጋ የለም፣ ዓሣ የለም፣ እንቁላልና ወተት የለም። ነጭ ሽንኩርትና ቀይ ሽንኩርት እንኳ አይገባበትም። በዘጠኙ አማልክት በዓል ከተማው በሙሉ ነጭ ለብሶ ጄ ሲበላ፣ ዓመቱን ሙሉ የአሳማ ጥብስ ሲሸጥ የከረመው ሁሉ ባንዲራውን ከሳጥን አውጥቶ ይሰቅላል። ድስቱን ግን አይቀይርም። ስለዚህ እኔ በፊት በር አልገባም። በጓሮ ዞሬ ማድቤት እገባለሁ፤ የጠርሙሱን ክዳን እከፍታለሁ፤ አሸታለሁ። ምላስ ያታልላል፣ አፍ ይዋሻል፣ ጠርሙስ ግን ምን እንደያዘ ይናገራል።

አንድ ጊዜ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ኑድል የሚሸጠውን ጎልማሳ ማድቤቱ ውስጥ ያዝኩት። ከመደርደሪያው ጥግ የዓሣ ውሃ ጠርሙስ ቆሟል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የድመቷ ነው።»

«ድመትህ በጭልፋ ነው የምትበላው? ጭልፋው እኮ ከጎኑ ተቀምጧል!»

«አጎቴ፣ ጡረታ ወጥተሃል አሉ። ለምን ወንዝ ወርደህ ዓሣ አታጠምድም?»

«ምን አደከመኝ? ከአንተ ድስት አጠምዳለሁ!»

ጎረቤቶቹ ሳቁበት፤ እኔም ኮርቼ ወጣሁ። እንደዚህ ነበርኩ። ሶምፖት አሸተተው ከተባለ ነገሩ አለቀ ማለት ነበር፤ ሰው ሁሉ በእኔ አፍንጫ ይተማመን ነበር። ይሄ ሁሉ ኩራት የት እንዳደረሰኝ ነው እንግዲህ የማወራው።

ጓደኛዬ ፕራዩን ሦስት ጎማ ይነዳ ነበር፤ እንቁራሪት የሚመስለውን የከተማችንን ታክሲ። አንድ ላይ ነው ያደግነው። የዛሬ ሁለት ዓመት፣ የዘጠኙ አማልክት በዓል በተዘጋ ማግስት፣ መሪውን እንደያዘ ቀኝ ጎኑ ከዳው። አፉ ተጣመመ፣ ንግግሩ ጠፋ። ሐኪሞቹ «እናያለን» አሉ፤ ሐኪም «እናያለን» ሲል ደግሞ ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን።

ሚስቱ ላምዱዋን ገበያው ውስጥ ልብስ ሰፊ ናት። ድምፅዋ የማይሰማ፣ ግን አንዴ ከወሰነች በሬ የማይጎትታት ሴት ናት። በሦስተኛው ቀን ደጃፌ መጣች። ቁጭ በይ ብላት እንቢ አለች።

«ጋሼ፣ ተስያለሁ።»

«ለማን?»

«ለምሕረቷ አምላክ፣ ለእናታችን ለኩዋን ኢም። አንድ ዓመት ሙሉ ጄ እበላለሁ፣ ሥጋ የነካ አንዲት ጉርሻ አልጎርስም፤ እሱን ብቻ አትውሰጂብኝ ብያታለሁ።»

«አንዲት ጉርሻ? ላምዱዋን፣ ይሄ ቀላል አይደለም።»

«ቀላል ቢሆንማ ምን ስለት ይባላል?»

ችግሯን ነገረችኝ። ቤት እንዳታበስል፣ የአማቷ ድስቶች ሁሉ የአሳማ ስብ የጠጡ ናቸው። ደግሞ ጠዋት ልብስ ትሰፋለች፣ ከቀን እስከ ማታ ሆስፒታል ፕራዩን አጠገብ ናት። ከሆስፒታሉ ቅርብ የሆነ፣ ዓይኗን ጨፍና የምትበላበት ቤት ትፈልጋለች።

«የሚታመን ቤት ንገረኝ፣ ጋሼ። ሌላ ሰው አልጠይቅም። አንተ ካልከኝ ይበቃኛል።»

ላስብበት እንኳ አላልኩም። «አማ ኪምሊየን ጋ ሂጂ» አልኳት። «የሷን ምግብ አፌን ሞልቼ እመሰክርልሻለሁ።»

አማ ኪምሊየን፣ አማ የምንላት አያት ለማለት ነው፣ ያኔ ሰባ ስምንት ዓመቷ ነበር። ከሆስፒታሉ ጀርባ በጠባቧ መንገድ አራት ጠረጴዛ ዘርግታ ከልጅነቷ ጀምሮ ጄ ብቻ ስታበስል የኖረች ሴት ናት። ባንዲራዋ ዓመቱን ሙሉ አይወርድም፤ ፀሐይ በልቶት ቢጫው ነጭ ሆኗል። እናቴ የሞተች ጊዜ አርባ ዘጠኝ ቀን ጄ በልቼ የሸኘኋት በአማ እጅ ነው። እያለቀስኩ ስመጣ ሳህኑን ሞልታ፣ ምንም ሳትናገር ፊቴ ታስቀምጥ ነበር። ከዚያ ወዲህ እሷን የማየው እንደ እናት ነው።

የከተማውን ማድቤት ሁሉ ስበረብር የአማን ማድቤት ግን ገብቼ አላየሁም። እንዴት ብዬ? የእናቱን ድስት የሚያሸት ሰው ምን ይባላል? ይሉኝታ ያዘኝ። እውነቱን ልናገርና ከይሉኝታም ሌላ ነገር ነበር። የአማ እንጉዳይ ሌላ ቦታ የማላገኘው ጣዕም ነበረው፤ ወፈር ያለ፣ ጣፈጥ ያለ፣ ከሩቅ ባሕር ባሕር የሚል። የሌሎቹ ጄ እንደ ተቀቀለ ወረቀት ነው። «እጇ ነው» እያልኩ አደንቅ ነበር። አፍንጫዬማ ያውቅ ነበር። ዝም ያሰኘሁት እኔ ነኝ።

ላምዱዋን በየቀኑ፣ ዝናብ ቢዘንብ ፀሐይ ቢያቃጥል፣ እኩለ ቀን ላይ እዚያ በላች። አማም ነገሩን ስትሰማ ለእሷ ለብቻዋ አንዲት ሳህን አወጣች፤ የሌላ ሰው እጅ እንዳይነካት ብላ። በሦስተኛው ወር ፕራዩን ተናገረ። ላምዱዋን ስሟን ይጠራል ብላ ጎንበስ ስትል «ፍሬን!» አላት። ሃያ ስምንት ዓመት ታክሲ የነዳ ሰው ሌላ ምን ይላል? እየሳቀች አለቀሰች። በስድስተኛው ወር ምርኩዝ ይዞ ቆመ። በዘጠነኛው ወር ደጃፉ ወጥቶ የሰፈሩን ሹፌር ሁሉ መስደብ ጀመረ። ያኔ በእርግጥም ዳነ አልን።

ዓመቱ የሞላ ቀን ሁለቱን በራሱ በፕራዩን ሦስት ጎማ ወደ ቤተ መቅደሱ የወሰድኳቸው እኔ ነኝ። ሕይወቴን በብስክሌት ያሳለፍኩ ሰው ነኝ፤ መንዳት የት አውቄ። ፕራዩን ከኋላ ተቀምጦ በስድብ አጠፋኝ።

«ማርሽ! ማርሽ ቀይር፣ አንተ ደብዳቤ!»

«የትኛው ነው ማርሹ?»

«በስተርጅና ሊገድለኝ ነው ይሄ ሰው! ላምዱዋን፣ ስለትሽን አርዝሚው፣ ገና አደጋው አላለፈም!»

እሷ መሐላችን ሆና አፏን በእጇ ሸፍና ትስቃለች። ከዚያን ቀን የተሻለ ቀን በሕይወቴ ብዙ አላየሁም።

ፕራዩን ከዚያ በኋላ አራት ወር ኖረ። በበጋው ሙቀት፣ አንድ ቀን ምሳውን በልቶ ጋደም እንዳለ አልነቃም። ቀብሩ ላይ ላምዱዋን ትወድቃለች ብለን ሁለት ሴቶች ግራና ቀኝ አቁመን ነበር፤ እሷ ግን ቀጥ ብላ ቆመች። ሰው ሲበተን ወደ እኔ መጣች።

«ጋሼ፣ ይከፋኛል እንጂ አይቆጨኝም። እኔ ቃሌን ሞላሁ፣ እናታችንም ቃሏን ሞላች። አራት ወር ደግሞ መረቀችልኝ። ማን እንደ እኔ አግኝቷል? ይሄ ያንተ ውለታ ነው።»

ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ በሚውለው የጸሎት በዓል ቀን፣ በሙዝ ቅጠል የጠቀለለችውን ጣፋጭ ሩዝ ይዛ ትመጣ ነበር። ቤቷ ባዶ ነው፣ ልጅ የላቸውም፤ ግን ያቺ አንዲት ነገር ነበረቻት። ለባሏ የምትችለውን ሁሉ ማድረጓን ታውቃለች። ሲመሽ በሯን ዘግታ የምትተኛው በዚያች እምነት ነበር።

ክረምቱ ሲገባ አማ ኪምሊየን አዳልጧት እጇ ወለም አላት። ልጠይቃት ሄድኩ። በፋሻ የታሰረ እጇን አንጠልጥላ ምድጃው ፊት ቆማለች።

«መጣህልኝ! እስቲ ከላይ ያቺን ጠርሙስ አውርድልኝ፣ ልጄ።»

አወረድኩት። ጠርሙሱ ላይ ዛጎል ተስሏል። ኦይስተር የሚባለው፣ ከባሕር ድንጋይ ላይ ተጣብቆ የሚኖረው ፍጥረት ነው፤ ሶሱም ከሥጋው የሚሠራ። ክዳኑን ከፈትኩት። ያ ባሕር ባሕር የሚለው ጠረን ፊቴ ላይ ወጣ።

«አማ፣ ይሄ ምን ይሠራል እዚህ?»

«እንጉዳዩ ላይ ነዋ የማደርገው። ሁሉም ላይ ጠብ አደርጋለሁ። ምነው?»

«ይሄ እኮ ሥጋ ነው!»

«ኧረ ወዲያ! ዛጎል ጄ ነው።» ተናደደችብኝ፤ ልክ ለሕፃን ፊደል እንደምታስቆጥር ሆነች። «እናትህ አልነገረችህም? ጥንት ጾመኞች በጀልባ ሲሰደዱ ምግብ አልቆባቸው ሊሞቱ ደረሱ። እናታችን መቅዘፊያውን ባሕር ውስጥ ንከሩት፣ የተጣበቀውን ብሉ፣ ኃጢአቱ የእኔ ነው አለቻቸው። ቢያወጡት ዛጎል ተጣብቆበታል። ከዚያ ወዲህ ዛጎል ጄ ነው። አያቴም እንዲሁ ነው የምታበስለው፣ የባሌም እናት እንዲሁ ናት።»

እውነቷን ነው፤ እንዲህ የሚያምኑ አሮጊቶች ዛሬም አሉ። አልዋሸችም። አንዲት ቀን እንኳ አልዋሸችም። ግን እኔ እንዲህ ብዬ ማሰብ የጀመርኩት ዘግይቼ ነው። ያኔ ደሜ ፈላ።

«ዕድሜ ልክዎን ሰው ሲያታልሉ ኖረዋል!» አልኳት።

«እኔ?» አለች። ጠርሙሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ወጣሁ። ሰማንያ ዓመት የተጠጋትን ሴትዮ እንደዚያ ብሎ ጥሎ የሚወጣ ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው? እኔ ዓይነት።

እንግዲህ ነገሩን ሆድ ይፍጀው ብዬ መተው እችል ነበር። ፕራዩን ሞቷል፣ ስለቱ አልፏል፣ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ሦስት ሳምንት ዝም አልኩ። ላምዱዋን ግን በየበዓሉ ሩዟን ይዛ ትመጣለች፣ «ያንተ ውለታ» ትለኛለች፣ እኔም አፌ ላይ ያለውን ሩዝ መዋጥ ያቅተኛል። ሰው ሁሉ የሚያምነው ሶምፖት፣ የማይዋሸው ሶምፖት፣ ፊቷ ቁጭ ብዬ በዝምታ እየዋሸሁ ሩዟን እበላለሁ። አልቻልኩም። እውነቱን ማወቅ መብቷ ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ዛሬ ሳስበው ግን መብቷ ታስቦኝ አይደለም። ከበደኝና እሷ ላይ አራገፍኩት።

ገበያ ሄድኩ። የልብስ ስፌት ማሽኗን እየረገጠች ነበር፤ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ትሰፋለች። ቆሜ ሁሉንም ነገርኳት። ጠርሙሱን፣ ዛጎሉን፣ የአማን የጀልባ ታሪክ። እግሯ አልቆመም።

«ምንም አይደለም፣ ጋሼ» አለች።

እኛ አገር «ምንም አይደለም» ብዙ ነገር ነው። አንዳንዴ ይቅርታ ነው፤ አንዳንዴ ደግሞ በር መዝጋት ነው። እኔ ይቅርታው መስሎኝ እፎይ ልል ስል ማሽኑ ቆመ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ሁልጊዜ ነው።»

«እንጉዳዩ ላይ ብቻ?»

«ሁሉም ላይ ጠብ ታደርጋለች።»

እጇን ከጨርቁ ላይ አነሣች። «ስለዚህ አንድም የሞላ ቀን የለኝም» አለች። ለእኔ አልነበረም የምታወራው። «እሱ ሲነሣ፣ እሱ ሲስቅ፣ እኔ አንድም ቀን አልነበረኝም። እናታችን ደርሳበት ነዋ የወሰደችብኝ።»

«ላምዱዋን፣ እንዲህ አይባልም...»

«ሂድ ጋሼ፣ ዝናቡ ሳይመጣብህ።»

በሚቀጥለው የበዓል ቀን አልመጣችም። በሳምንቱም አልመጣችም። የጎረቤቷ ሴትዮ ነገረችኝ፤ ላምዱዋን ስለቱን ከአንድ ብላ ጀምራለች። ለሞተ ሰው። አዲስ ትንሽ ድስት ገዝታ፣ ሱቋ ውስጥ ከማሽኑ ሥር ሩዝና የውሃ ጎመን በጨው ትቀቅላለች፤ ሌላ ምንም አትበላም። ስሄድ አየኋት። ጉንጯ ገብቷል፣ አንገቷ ቀጥኗል።

«ለማን ነው አሁን ይሄ? ፕራዩን እኮ አልፏል።»

«በስሙ ነዋ የተሳልኩት። ባዶ እጁን ነው የሸኘሁት። እዚያ ሲጠይቁት ምን ይበል?»

«እሺ፣ ቢያንስ ደህና ነገር ብይ። ዓሣ ተራ አጠገብ አንድ ቤት አለ፤ እኔ ራሴ ጠርሙሱን ሁሉ...»

«አይ ጋሼ። ከእንግዲህ ከሰው እጅ አልበላም።» ይህን ስትል ፈገግ አለች፤ እንዳልከፋ ብላ። እኔን እንዳይከፋኝ!

ከዚያ እግሬ ወደ አማ ወሰደኝ። ይቅርታ ልጠይቅ ነው፣ ምናልባትም የምወቅሰው ሰው ፈልጌ ነው፤ ሁለቱንም ነው መሰለኝ። ባንዲራዋ ከበሩ ወርዷል። ጠረጴዛዎቹ ግድግዳ ተደግፈዋል። ያንን ቃሌን ሰምታ ያን ቀን እንደዘጋች ነው። እግሯ ሥር ተንበርክኬ ይቅርታ ጠየቅኳት፤ ስለ ላምዱዋንም ነገርኳት። ስለ ቤቷ መዘጋት አንዲት ቃል አልተናገረችኝም። የላምዱዋንን ስትሰማ ግን ደነገጠች።

«ነገርካት?»

«እውነት ነው ብዬ...»

«ስለቱ ለማን ነበር?»

«ለእናታችን።»

«ሰውየው አልተነሣም?»

«ተነሣ።»

«ዓመቱን አልኖረም? ከዓመቱ በላይ አልኖረም?»

«ኖረ፣ አማ።»

«ታዲያ እናታችን ተቀብላ፣ ደስ ብሏት፣ መርቃ የሰጠችውን፣ አንተ ማን ነህና ነው ሄደህ የመለስከው?» ደህናውን እጇን ጉልበቷ ላይ ጣለች። «እሷ አላጉረመረመችም። ያጉረመረምከው አንተ ነህ።»

ከእግሯ ሥር ተነሥቼ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

በዚያ ሌሊት ያሰብኩት አንድ ነገር ብቻ ነው። ስድሳ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ፖስታ ስሠራ የአንድ ሰው ቴምብር አልነካሁም፣ ሰው ፊት ቆሜ ዋሽቼ አላውቅም። ጠዋት ግን ተነሥቼ ለመዋሸት ወጣሁ። እስከ ገበያው ድረስ ቃላቱን ስደጋግማቸው፣ በመንገድ ሰላም ያሉኝን ሰዎች እንኳ አልመለስኩላቸውም።

«ላምዱዋን፣ ተሳስቻለሁ» አልኳት ገና ከመድረሴ። «ትናንት አማ ጋ ሄጄ አጣራሁ። ያ ጠርሙስ አዲስ ነው። እጇን ሲያማት ጊዜ ሌላ ሰው ገበያ ሄዶ በስህተት የገዛው ነው። ያንቺን ዓመት ሙሉ የነበረው የእንጉዳይ ሶስ ነው። የድሮውን ጠርሙስ በዓይኔ አየሁት፣ አሸተትኩትም። ዓመትሽ ሙሉ ነው። አንዲት ጉርሻ አልጎደለም።»

ማሽኑን አቆመች። ቀና ብላ አየችኝ፤ ዓይኔን፣ አፌን፣ እጄን። ለአንድ አፍታ ፊቷ ላይ ያ የድሮው ነገር ብልጭ ያለ መሰለኝ። ልታምነኝ እንደፈለገች አየሁ። በጣም ፈልጋ ነበር። ከዚያ ዓይኗን ወደ ጨርቁ መለሰች።

«መዋሸቱን ከቻልክበት፣ ጋሼ፣ ምነው ያኔ በዋሸኸኝ» አለች።

ቁጣ አልነበረበትም፤ ቁጣ ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር። ድስቷ ማሽኑ ሥር ይንተከተካል። እግሯን መርገጫው ላይ መልሳ አስቀመጠችና የዩኒፎርሙን እጅጌ መስፋት ቀጠለች። በአዲሱ ስለት ሃያ ሦስተኛ ቀኗ ነበር።